ሰርተፊኬቱን ተዉትና ሥራውን ማን አረመው?

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት፣ የሦስት ወር የቪዲዮ ቀረጻና ኤዲቲንግ ሥልጠና በጨረስኩ በወሩ፣ ከማርቆስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ሰርግ ልቀርጽ ሄድኩ። ሰርተፊኬቴ ላሚኔት ተደርጓል፣ ካሜራው የኪራይ ነው፣ ልቤ ግን ሞልቷል። የሙሽራዋ አያት ሊመርቁ ተነሡ። ትንሿን የደረት ማይክ ኮታቸው ላይ ሰካሁላቸው፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡና ጀመሩ። ሰዉ «አሜን» ይላል፣ እኔ ፍሬም አስተካክላለሁ። ምስሉ ግሩም ነበር። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ግን ምርቃት የለም። ያለው ጋቢ ነው። ካሽ፣ ሽክሽክ፣ ካሽ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጋቢው ሲመርቅ ሰማሁ።

የሙሽራዋ አባት ገበያ በመጡ ቁጥር የምሠራበት ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። «እንደው ልጄ፣ የአባባ ምርቃትስ?» ይሉኛል። «እየተስተካከለ ነው ጋሼ» እላለሁ። ምኑ ይስተካከላል! ሁለት ወር ዋሸኋቸው፤ በሦስተኛው ወር እውነቱን ነገርኳቸው። ያኔ ያዩኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም።

ይህን የማነሳው ራሴን ለማሳጣት ብቻ አይደለም። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ «ስትቀርጽ ጆሮ ማዳመጫ አድርግ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ምን ተማርክ ብትሉኝ የሶፍትዌሩን ሜኑ ከላይ እስከ ታች ነው። ይሄ ይቆርጣል፣ ይሄ ያገናኛል፣ ይሄ ደግሞ ኢፌክት ነው። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ሰው፤ አንዱ ማውዝ ሲይዝ ሌላው ያያል። አስተማሪያችን ደግ ልጅ ነበር፤ እሱም ያወቀው ከዩቲዩብ ነው። የመመረቂያ ሥራ የተባለው ደግሞ እሱ በፍላሽ ያመጣውን አንድ የዘፈን ክሊፕ ሁላችንም መልሰን መቁረጥ ነበር። ሃያ ሰው፣ አንድ ክሊፕ። አንዳችንም የራሳችንን ነገር ቀርጸን አላመጣንም፤ ማንም ሥራችንን ቁጭ ብሎ አይቶ «ይሄ ለምን እዚህ ጋ ተቆረጠ?» አላለንም።

አሁን ባሕር ዳር ውስጥ ስትንቀሳቀሱ ምሰሶው ሁሉ የሥልጠና ማስታወቂያ ነው። ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ግራፊክስ፣ ሞሽን ግራፊክስ፣ አኒሜሽን፣ ዲጂታል ማርኬቲንግ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ፣ ከታች ስልክ ቁጥር። ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም ቢሆን ወጣቱ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው። ደግሞ ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ ባንኩም ድርጅቱም ለፌስቡክ ቪዲዮ ይፈልጋል፣ ዘፋኙ ክሊፕ ይፈልጋል፣ ቲክቶከሩ ኤዲተር ይፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ አሚኮን የሚያክል ሚዲያ ተቀምጧል፤ ካሜራ ማን፣ ኤዲተር፣ ግራፊክስ ባለሙያ ቀጥሮ የሚያሠራ ተቋም ማለት ነው። ሥራ የለም የሚለው ወሬ ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ሥራ አለ፤ ሥራውን ይዞ መጨረስ የሚችል ሰው ፍለጋ ግን ሁሌም ጣጣ ነው።

መደበኛው ትምህርት ደግሞ ከዓባይ ማዶ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ቴአትር ያስተምራል፤ በስክንድር ቦጎስያን ኮሌጅ ሥርም በማስተርስ ደረጃ ፊልም ከፍቷል። በካሜራ ባለሙያው በአብርሃም ኃይሌ ብሩ የተመሠረተው የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚም አለ፤ ስሙ ብሉ ናይል፣ ቤቱ አዲስ አበባ። (ዓባይ የኛ ነው ብለን ስንፎክር ስሙን እንኳ ተሻግሮ ሄዶብናል።) ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት ጊዜ፣ የቤት ኪራዩ ሰማይ በነካበት ከተማ፣ አንድ የዳንግላ ገበሬ ልጅ ሄዶ ፊልም ይማር ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ እዚሁ ያለው አጫጭር ሥልጠና ለብዙው ልጅ ብቸኛው በር ነው። ጥራቱ ላይ የምነጫነጨውም ለዚህ ነው፤ ሌላ አማራጭ ቢኖር ኖሮ ዝም ባልኩ።

እንግዲህ ምን ጎደለ? ብዙ ሰው «ካሜራ ነው፣ ኮምፒውተር ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ይጎድላል፤ እመለስበታለሁ። ከሁሉ በላይ የጎደለው ግን እርማት ነው።

ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋሸራና ጎንጅ የማን አገር ነው? ዲማ ጊዮርጊስስ? የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር አስቡት። ገና በገባ በሳምንቱ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ቁጠር አይባልም። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ። መምህሩ የሚዘርፉትን ይሰማል፣ አገባቡን ይጠይቃል፣ ከዚያ ገለል ብሎ ዛፍ ሥር ኩርምት ይልና የራሱን ይቆጥራል። ተመልሶ ለመምህሩ ይናገራል። መምህሩ ያርሙታል። አንዳንዴ በአንድ ቃል ብቻ ያስተካክሉለታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሙሉውን አፍርሰው እንደገና ሂድ ይሉታል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ሁለቱ ቤት ሦስት ይሆናል፣ ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል፣ መወድስ ላይ ሲደርስ እጁ ለምዷል። እዚህ ውስጥ ሰርተፊኬት የሚባል ነገር የለም፤ መምህሩ «አሁን አወቅህ» እስኪሉት ተማሪ ነው።

የቪዲዮም ጉባኤ ቃና አለው። ሠላሳ ሴኮንድ፣ ያለ ንግግር፣ ያለ ሙዚቃ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ። እናትህ ምጣድ ስታሰማ። ሊስትሮው ጫማ ሲጠርግ። በቃ። እሱን በስልክም ቢሆን ቀርጸህ፣ ቆርጠህ፣ ሰው ፊት አቅርበህ፣ ተወቅሰህ፣ በማግስቱ ደግመህ ማምጣት። በሦስት ወር ውስጥ ስልሳ እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ልጅ፣ ሦስት ወር ሜኑ ካጠና ልጅ ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለቱም ያው ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ይዘው ቢወጡም። (ሰምና ወርቅ እያልኩ ደግሞ አላሰለቻችሁም፤ አትፍሩ።)

በእርግጥ ቅኔ ቤቱን ዝም ብሎ ማወደስም ልክ አይሆንም። የቆሎ ተማሪ ለምኖ ነው የሚማር፤ ውሻ እየነከሰው። የዛሬን ልጅ ለምነህ ኤዲቲንግ ተማር ልንለው አንችልም። ቅኔ ደግሞ ቢበዛ ጭንቅላትና ጊዜ ነው የሚፈልግ፤ ፊልም መብራት ይፈልጋል፣ ካሜራ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ብቻህን ቆጥረህ የምትመጣው ነገር አይደለም። ድምፅ የሚይዝ፣ ላይት የሚይዝ፣ «ይሄማ አይሆንም» የሚልህ ጓደኛ ያስፈልጋል። ሥልጠናዎቹ ግን ሁሉንም ሰው ኤዲተር ማድረግ ነው የሚፈልጉት፤ ኮምፒውተር ፊት ማስቀመጥ ስለሚቀል። ድምፅ የሚማር አንድም ሰው አታገኙም። ለዚህ ነው የኛ አካባቢ ቪዲዮ ምስሉ እያማረ ድምፁ ዛሬም ጉድጓድ ውስጥ የተቀረጸ የሚመስለው።

ሁለተኛው ጉድለት ትምህርቱ የማን እንደሆነ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ፣ ምክንያቱም ይሄን ማንም አስተማሪ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ካሜራን በአውቶ ስትተወው የሚያየውን ነገር ሁሉ አማካይ ብርሃን ላይ ሊያመጣው ይሞክራል። ፍሬሙ ውስጥ ነጭ ከበዛበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። አሁን የኛን አገር ሰርግ አስቡ። ሁሉም ነጭ ነው! ቀሚሱ ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ ጋቢው ነጭ። መሐሉ ላይ ያለው ፊት ደግሞ ጠይም ነው። ካሜራው ለነጠላው ሲል ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ኤዲተሩ ማታ ፊቱን ለማውጣት ሲያበራው ነጠላው ይቃጠላል፤ ጥለቱ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ስንቱን የሰርግ ቪዲዮ አየሁ እንዲህ ያለ! መፍትሔው ከባድ አይደለም። አውቶውን ዘግተህ በፊቱ ትለካለህ፤ ካሜራው ላይ ዜብራ የሚባለውን መስመር አብርተህ ነጩ የት ጋ እንደሚቃጠል ታያለህ፤ ሰውዬውን ጀርባውን ለበሩ ሳይሆን ፊቱን ለበሩ አድርገህ ታስቀምጣለህ። ቡና የሚፈላበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሩ ትልቁ መብራትህ ነው። የአሥር ደቂቃ ትምህርት ነው ይሄ። ግን ከውጭ በመጣ ትምህርት ውስጥ አይገኝም፤ እነሱ ነጠላ ለብሰው አይቀረጹማ።

የጋቢውም ነገር እንደዚያው ነው። አሁን ማይኩን በሐኪም ፕላስተር ከሸሚዙ ሥር ደረት ላይ አጣብቄ፣ ሽቦውን ትንሽ አጥፌ፣ ጋቢው የማይነካው ቦታ ፈልጌ ነው የማስቀምጠው። ሽማግሌው ከመነሣታቸው በፊት «እስቲ አባባ ጋቢውን ተከናንበው አንዴ ይናገሩ» ብዬ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። ይሄን የተማርኩት አንድ ቤተሰብ ምርቃት አጥቶ ነው።

አኒሜሽን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆች አኒሜሽን ማለት ፈጣን ነገር ይመስላቸዋል። ቁጥሩን እንይ። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ነው፤ አንድ ደቂቃ 1,440 ፍሬም። እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆየው እንኳ፣ አብዛኛው የእጅ ሥዕል አኒሜሽን የሚሠራው እንዲህ ነው፣ 720 ሥዕል ይፈልጋል። አንዱ ሥዕል አሥር ደቂቃ ቢወስድ 120 ሰዓት ሆነ። በቀን ስምንት ሰዓት ቁጭ ብለህ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ አሥራ አምስት ቀን። ለአንድ ደቂቃ! ለዚህ ነው «በሁለት ወር አኒሜተር ትሆናለህ» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይ የምስቀው።

አንዲት ልጅ ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ላይ እስክስታ የሚመታ ሰው ሠርታ አሳየችኝ። ትከሻው ይንቀሳቀሳል፤ ግን ወባ የያዘው ሰው ነው የሚመስለው። ይንዘፈዘፋል እንጂ አይጨፍርም። ተቀምጠን ፍሬም በፍሬም አየነው። የጎጃም ትከሻ ፈጣን ነው፤ በሴኮንድ ስድስቴ ቢመታ ለአንዱ ምት የሚደርሰው አራት ፍሬም ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በሁለት በሁለት ስለያዘችው ለአንዱ ምት ሁለት ሥዕል ብቻ ቀርቷት ነበር፦ አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች። ከዚያ አክስቷን በስልክ በ60 ፍሬም ቀርጻ መጣች። አክስትየው እየሳቁ ነው የሚመቱት። ቀስ አድርገን ስናየው ትከሻው ከመውረዱ በፊት አንገታቸው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ደረታቸው አየር ይስባል፣ መቀነታቸው ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚከተለው። በአኒሜሽን ትምህርት አሥራ ሁለቱ መርሆች የሚባሉ አሉ፤ የዲዝኒ ሠዓሊዎች በልምድ ያገኟቸው። ከነሱ አንዱ ከእንቅስቃሴ በፊት የሚመጣ ዝግጅት ነው፣ ሌላው ደግሞ ልብስና ፀጉር ሰውነትን ዘግይተው መከተላቸው። ልጅቷ መርሆቹን በእንግሊዝኛ ሸምድዳ ነበር። የገቧት ግን አክስቷ ላይ ስታያቸው ነው። አንገቱን ጨመረች፣ ትንፋሹን ጨመረች፣ ፈጣኑ ቦታ ላይ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ ሠራች፤ ወባው ለቀቀው።

እዚህ ላይ «መሣሪያው ከየት ይመጣል» ለሚለው ልመለስ። ሶፍትዌሩ ዛሬ ችግር መሆኑ ቀርቷል። ብሌንደር ነፃ ነው፤ ክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚጫን ቅጂ) አያስፈልገውም። ፍሎው የተባለው የላትቪያ አኒሜሽን ፊልም በብሌንደር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ወስዷል። ላትቪያ ከሁለት ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ለኤዲቲንግ ደግሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ብቻ ለሰርግም ለዶክመንተሪም ይበቃል፤ ከለር ማስተካከያውም የድምፅ ክፍሉም እዚያው ውስጥ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ብዙ ቦታ አሁንም ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር፣ ያውም ከነቫይረሱ፣ የሚያስተምሩት? አስተማሪው የለመደው እሱን ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ኮምፒውተሩ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ካሜራውም፣ ላፕቶፑም፣ ሜሞሪ ካርዱም በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ማከማቻውን ብቻ ብናሰላ፦ አንድ ካሜራ ፎርኬ በሚባለው የምስል ጥራት በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ሲቀርጽ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ይበላል፤ በሰዓት 45 ጊጋባይት። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋባይት ነው፤ ያ አንድ ሰርግ ነው። የሃርድ ዲስኩን ዋጋ ሲያስቡት ብዙዎቹ የድሮውን ሥራ እያጠፉ ነው አዲስ የሚቀርጹት። እኔም አጥፍቻለሁ፤ ይቆጨኛል። ስለ ማከማቻና ስለ ፋይል አያያዝ የሚያስተምር ሥልጠና ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሃርድ ዲስክ ሲወድቅ ሁሉም ለየብቻው ይማራል።

መብራቱን አታንሡብኝ። ሬንደር፣ ኮምፒውተሩ የሠራነውን ወደ ቪዲዮ የሚያወጣበት ሂደት፣ 90 ፐርሰንት ደርሶ መብራት ሲጠፋ ያለውን ስሜት የቀመሰ ያውቀዋል። እዚህም ላይ ግን ሙያዊ ዘዴ አለ፦ አኒሜሽንን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሳይሆን በተናጠል ምስል ማውጣት። መብራት ሲመለስ ካቆመበት ፍሬም ይቀጥላል፤ 1,440ውን ከዜሮ አትጀምርም። ይሄን ያልተነገረው ልጅ ሦስት ቀን ያለቅሳል።

ኢንተርኔቱም ሌላ ታሪክ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ከዩቲዩብ እማራለሁ ይል የነበረው ሁሉ ቆመ። የሚሠሩት ቀድመው አውርደው የያዙትን በፍላሽ የሚቀባበሉ ልጆች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አንድ የሥልጠና ቦታ ትምህርቱን ሁሉ ኦንላይን ላይ ሰቅሎ «ሊንኩን እልክላችኋለሁ» ካለ፣ ለጎጃም የታሰበ ሥልጠና አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ያለው ትሪገርፊሽ የተባለው የአኒሜሽን ስቱዲዮ በኦንላይን ነፃ ትምህርት ይሰጣል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ የቻለ ይጠቀም። ግን እሱም ቢሆን ልጁ የሠራውን ቁጭ ብሎ አይቶ የሚያርም ሰው አይሆነውም።

መንግሥት በበኩሉ በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ጀምሯል፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ ኤአይ። ፊልምና አኒሜሽን እዚያ ውስጥ የለም። የቴክኒክና ሙያው መርሕ ደግሞ በወረቀት ላይ ግሩም ነው፦ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ፣ ከድርጅት ጋር በትብብር፣ መጨረሻ ላይ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና። ችግሩ ትብብሩን ከማን ጋር ታደርጋለህ የሚለው ነው። እኛ ጋ ስቱዲዮ ማለት ፎቶ ቤት ነው።

እኔ የምለው፣ ፎቶ ቤቱ ይሁናላ! ፎቶ ቤቱን መናቅ እናቁም። የጎጃም ትልቁ የፊልም ትምህርት ቤት ሰርግ ነው፤ አንድ ቀን ውስጥ ብርሃን ይቀያየራል፣ ድምፅ ይረብሻል፣ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም፣ ባለቤቱ ቆሞ ይጠብቅሃል። ደግሞ የራሱ ካላንደር አለው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ጾም መግቢያ ሩጫ ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሰርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና ይጧጧፋል። ካሜራው መደርደሪያ ላይ፣ ካሜራ ማኑ ጀበና ሥር የሚቀመጥበት ጊዜ ሁዳዴ ነው። ሥልጠናውን በሁዳዴ ብታደርገው መሣሪያው ሥራ ፈት ነው፣ የሚያስተምረው ባለሙያ ሥራ ፈት ነው፣ በጥር የተቀረጸው ስሕተት ሁሉ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ትኩስ ሆኖ ተቀምጧል። እሱን እየከፈቱ «እዚህ ጋ ምን አበላሸን?» ማለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠልጣኙ ረዳት ሆኖ ይወጣል፤ ላይት ይይዛል፣ ማይክ ያጣብቃል። ማሠልጠኛዎቹ ግን ጥር ላይ ይመዘግባሉ፤ ጥሩ ባለሙያዎች ሁሉ ሰርግ ላይ ባሉበት ሰዓት።

ውጭ ወጥቶ መቅረጽን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አሁን ባለንበት ሁኔታ ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ያስጠይቃል። ድሮን የሚለውን ቃል እኛ አካባቢ ጮክ ብላችሁ ብትናገሩ ሰው የሚያስበው ስለ ሰርግ ቪዲዮ አይደለም። ስለዚህ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰው ሳይፈቅድ እንዳይቀረጽ፣ መቼ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ወደ ቤት መሄድ እንደሚገባ የሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት መሆን አለበት። ኤዲቲንግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ኤአይ መጥቶ የለ፣ ምን ያደክማችኋል?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ጽሑፍ ብቻ ሰጥታችሁት ከነድምፁ ቪዲዮ የሚያወጣ መሣሪያ መጥቷል። ሞክሬዋለሁ። «ጎጃም ውስጥ ቡና የምታፈላ እናት» አልኩት፤ ጀበናው ሁለት እጀታ፣ ቀሚሱ የየት እንደሆነ የማይታወቅ፣ ረከቦቱ ቁመቱ የሰው ወገብ የሚደርስ አወጣልኝ። አሪፍ ይመስላል፣ ለማያውቅ። ይሄ ልክ አይደለም ብሎ ማረም የሚችለው ረከቦት ሥር ያደገና ፍሬም ማየት የተማረ ሰው ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንጠይቅ ለምትሉኝ፣ የማሠልጠኛውን ኮምፒውተር ቁጥር ተዉት። የባለፈው ዙር ተማሪዎች የሠሩትን አሳዩኝ በሉ። ሥራ ከሌለ፣ ያለውም አስተማሪው የሠራው ከሆነ፣ ውጡ። አስተማሪው ራሱ በዚህ ዓመት ምን እንደቀረጸ ጠይቁ። በሳምንት ስንት ጊዜ ሥራዬን አይታችሁ ታርሙልኛላችሁ በሉ፤ ጥያቄው ካልገባቸው መልሱን አግኝታችኋል። ድምፅ የሚያስተምር ሰው አላችሁ ወይ በሉ። እና እባካችሁ አምስት ሙያ በሦስት ወር የሚል ወረቀት ካያችሁ ምሰሶው ላይ ተዉት።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የተወሰኑ ልጆችን እሰበስባለሁ። ክፍያ የለም፣ ወረቀትም የለም። መግቢያው አንድ ነው፦ ሠላሳ ሴኮንድ ሠርቶ መምጣት። ባለፈው አንዱ አባቱ ሞፈር ሲጠርቡ ቀርጾ መጣ። ጥሩ ነበር፤ ግን ዘጠኝ ቦታ ቆርጦታል፣ መጥረቢያው እንጨቱን የሚያገኝበትን ቅጽበት ሁሌ እየዘለለ። «ለምን ዘለልከው?» አልኩት። «ይረዝማል ብዬ ነው» አለኝ። «ድምፁንስ ሰማኸው?» አልኩት። አልሰማውም፤ ሙዚቃ ጭኖበት ነበር። ሙዚቃውን አጠፋንና ሁላችንም ዝም ብለን የመጥረቢያውን ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ ላፕቶፑን ዘግቶ «ሰኞ ደግሜ ልቀርጸው፣ አባባ ሌላ እንጨት አላቸው» ብሎ ወጣ።